ደንብና መዝገብ፦ ቁጥር ስም የሚያገኝበት መንገድ



የዛሬውን ንግግሬን ከምኖርበት ሰፈር ልጀምር። ኮዬ ፈጬ እኖራለሁ። በከተማችን ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ በኩል፣ ትናንት ጤፍና ስንዴ ይዘራበት በነበረ መሬት ላይ የተነሣ ሰፊ የጋራ መኖሪያ ነው። እዚያ እንግዳ ሲመጣባችሁ «የእገሌ ቤት» ብሎ ማስረዳት አይቻልም። ሕንፃዎቹ ተመሳሳይ፣ ጎዳናዎቹ ገና ስም ያልወጣላቸው በመሆናቸው ሰው የሚፈላለገው በቁጥር ነው፤ ብሎክ ይህን ያህል፣ ቤት ቁጥር ይህን ያህል። ነዋሪው ራሱ ከመግባቱ አስቀድሞ በቁጥር ይታወቅ ነበር፤ የምዝገባ ቁጥር፣ የዕጣ ዙር፣ 20/80 ወይም 40/60 የሚባል የመርሐ ግብር መለያ ነበረው።

የታሪክ ባለሙያ ነኝ፤ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም። ይሁንና ዛሬ የምናገረው በሁለቱ ሙያዎች ድንበር ላይ ስላለ ጉዳይ ነው፤ ቁጥር ወደ ስም ስለሚመለስበት መንገድ። ብዙዎቻችሁ ይህን ሥራ በኤክሴል ትሠራላችሁ። አብዛኞቻችሁም የምትሠሩት እኔ ለብዙ ጊዜ እንደ ሠራሁት ይመስለኛል፤ «ኮዱ 1 ከሆነ ትግራይ፣ ካልሆነ፣ 2 ከሆነ አፋር፣ ካልሆነ፣ 3 ከሆነ አማራ፣ ካልሆነ...» እያላችሁ፣ ኢፍ በኢፍ ውስጥ፣ ቅንፍ በቅንፍ ላይ እየደረባችሁ። ይህ አሠራር የሚቀፈው በርዝመቱ ብቻ አይደለም። ታሪክን ያጠፋል። የምነግራችሁም ታሪክ ያጠፋሁት እኔ ራሴ ስለሆንሁ ነው።

የጠፋችው አዲስ አበባ

ከጥቂት ዓመታት በፊት የኢትዮጵያን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሁለት ዙሮች፣ እ.ኤ.አ. የ2011ን እና የ2016ን፣ አጋጥሜ የክልሎችን ለውጥ ለማሳየት ሞከርሁ። በመጀመሪያው ዙር መረጃ የክልል ኮዶች ከ1 እስከ 7፣ ከዚያም 12፣ 13፣ 14 እና 15 ናቸው። አሥር ኢፍ የተደራረቡበት ፎርሙላ ጻፍሁ። አሥሩ ኮዶች አንድ በአንድ ተጠየቁ፤ የመጨረሻው «ካልሆነ» ደግሞ ያለ ጥያቄ ለቀረው ለ15፣ ማለትም ለድሬ ዳዋ፣ ተተወ። ለምን ልጠይቀው? ከአሥራ አንዱ አሥሩ ካልሆነ አሥራ አንደኛው መሆኑ አይቀርም ብዬ ነበር።

ፎርሙላውን ወደ ሁለተኛው ዙር ወስጄ እስከ ታች ጎተትሁት። ምንም ስሕተት አላሳየም፤ ባዶ የቀረ ሴልም አልነበረም። ሰንጠረዡን ለባልደረቦቼ ሳቀርብ ግን አንዲት ወጣት ተመራማሪ እጇን አነሣችና በትሕትና፣ «ይቅርታ ጋሼ፣ በ2016ቱ ላይ አዲስ አበባ የት ሄደች?» አለችኝ። አየሁ፤ አዲስ አበባ የለችም። ጋምቤላም የለም፣ ሐረሪም የለም። ድሬ ዳዋ ብቻ ከወትሮዋ በእጅጉ ገዝፋ ተቀምጣለች።

የሆነው እንዲህ ነው። በ2016ቱ መረጃ ኮዶቹ ከ1 እስከ 11 በተከታታይ እንደ አዲስ ተሰጥተዋል፤ ጋምቤላ 8፣ ሐረሪ 9፣ አዲስ አበባ 10፣ ድሬ ዳዋ 11 ሆነዋል። የእኔ ፎርሙላ 8ን አያውቅም፣ 9ንም፣ 10ንም፣ 11ንም አያውቅም። የማያውቀውን ሁሉ ግን «አላውቅህም» አላለውም፤ «ድሬ ዳዋ» አለው። ከአራቱ አንዱን ትክክል ያደረገው በአጋጣሚ ነበር።

በዚያ ዕለት ሁለት ነገር ተማርሁ። አንደኛው፣ በድርብርብ ኢፍ መጨረሻ ላይ ያለው «ካልሆነ» ሰነፍ ጸሐፊ ነው፤ ያላወቀውን ሰው ሁሉ በአንድ ስም ይመዘግባል። ሁለተኛው ለእንደ እኔ ያለ የታሪክ ሰው ይበልጥ አሳፋሪ ነው። ኮዶቹ ከ7 ወደ 12 ለምን እንደ ዘለሉ ልጠይቅ ሲገባኝ አልጠየቅሁም ነበር።

ከ7 እስከ 12 ባለው ክፍተት ውስጥ

ያ ክፍተት ዝም ብሎ የተተወ ባዶ ቦታ አይደለም። በ1984 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 7 አገሪቱን በ14 ክልሎች አዋቀረ። ክልሎቹም በቁጥር ይጠሩ ጀመር፤ ክልል 1 ትግራይ፣ ክልል 2 አፋር፣ ክልል 3 አማራ፣ ክልል 4 ኦሮሚያ፣ ክልል 5 ሶማሌ፣ ክልል 6 ቤኒሻንጉል። ከ7 እስከ 11 ያሉት ቁጥሮች በደቡብ ለሚገኙ አምስት ክልሎች ተሰጡ፤ ለጉራጌ፣ ሐድያና ከምባታ፣ ለሲዳማ፣ ለወላይታ፣ ለኦሞ እና ለከፋ። 12 ጋምቤላ፣ 13 ሐረሪ፣ 14 አዲስ አበባ ሆኑ። በመካከላችን በዕድሜ የገፋን ሰዎች አዲስ አበባ «ክልል 14» ትባል የነበረበትን ዘመን እናስታውሳለን፤ በማኅተም ላይም፣ በደብዳቤ ራስጌም እንዲሁ ይጻፍ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ አምስቱ የደቡብ ክልሎች ተዋሐዱ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 47 የተዘረዘሩት አባል ክልሎች ዘጠኝ ሲሆኑ፣ የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል እንደ አንድ ተቈጠረ። 7 ቁጥር የዚህ ክልል መለያ ሆኖ ሲቀጥል 8፣ 9፣ 10 እና 11 ያለ ባለቤት ቀሩ። ለድሬ ዳዋ ደግሞ 15 ተሰጣት። የስታቲስቲክስ ሰዎች ባዶዎቹን ቁጥሮች ለሌላ ሳይሰጡ ማቆየታቸው ትልቅ ጥበብ ነበር፤ ያለፈ ስም የያዘውን ቁጥር ለአዲስ ስም መስጠት ሁለት ሙታንን በአንድ መቃብር እንደ መቅበር ነውና። ያ ጥበብ በ2016ቱ ዙር ሲጣል እንደ እኔ ያለው ቸልተኛ ወጥመድ ውስጥ ገባ።

ታሪኩ በዚያ አላበቃም። በኅዳር 2012 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ በዚያው ዓመት በሰኔ ሲዳማ ክልል ሆነ። በ1984 ክልል 8 የነበረው ሕዝብ ከ28 ዓመት በኋላ በክልልነት ተመለሰ ማለት ነው። በኅዳር 2014 የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል፣ በነሐሴ 2015 ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል እና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረቱ። አሁን «7» ምንድን ነው? ለ1984ቱ አዋጅ አንድ ነገር ነው፣ ለ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ሌላ ነገር ነው፣ ለዛሬ ደግሞ የፈረሰ ክልል ስም ነው። በሦስት ዓመት ተኩል ጊዜ ውስጥ ብቻ ድርብርብ ፎርሙላ የያዘ ሰው ሁሉ ፎርሙላውን ሦስት ጊዜ መቅደድ ነበረበት። በቀደደ ቁጥርም የቀድሞው ትርጉም ይጠፋል።

ቀበሌ 03/09

ወደ ከተማችን ልመለስ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 መሠረት የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ተቋቋሙ፤ ቀበሌ ከነቁጥሩ ወደ ሕይወታችን ገባ። ከበላዩ ከፍተኛ ነበረ። የአንድ ሰው አድራሻ ሦስት ቁጥር ሆነ፤ ከፍተኛ፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር። ከዚያ ወረዳና ዞን መጡ። በ1995 ዓ.ም. ከተማዋ በአሥር ክፍለ ከተሞች ተዋቀረች፤ አቃቂ ቃሊቲ አንዱ ነው። በ2013 ለሚ ኩራ አሥራ አንደኛው ሆነ። ቀበሌዎች ሲዋሐዱም አዲስ ቁጥር ከማውጣት ይልቅ የሁለቱን አሮጌ ቁጥሮች በእዝባር አጣምሮ መጥራት የተለመደ ነበር፤ ቀበሌ 03/09፣ ቀበሌ 11/12 እንደሚባለው።

እዚህ ላይ ለተማሪዎቼ አንድ ተግባራዊ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። ኤክሴል በተለመደው ቅንብሩ 03/09 ብላችሁ ስትጽፉለት ቀበሌ መሆኑን አያውቅም፤ ቀን ያደርገዋል። 20/80 እና 40/60 እንደ ተጻፉ ሲቀሩ፣ 10/90 የተባለው የቤት መርሐ ግብር ግን እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1990 ሆኖ ሊቀመጥ ይችላል። 01 ደግሞ ዜሮዋን ጥላ 1 ትሆናለች። ስለዚህ ኮድ የምትጽፉበትን ዓምድ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ዓይነት አዘጋጁት። ኮድ ቁጥር ይምሰል እንጂ አይደመርም፣ አይባዛም፤ በአኃዝ የተጻፈ ስም ነው።

ይህ ሁሉ የቢሮ ጣጣ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጊዜያችሁን አልወስድም ነበር። ነገር ግን የአያቱን ቤት የሚወርስ ልጅ፣ «ከፍተኛ» የሚል ማኅተም ያለበትን የቆየ ሰነድ ይዞ ዛሬ ወረዳ ወደሚባለው ጽሕፈት ቤት ሲመጣ፣ የሚጠየቀው ይኸው ነው፤ ያ ቁጥር ዛሬ የማን ነው? በመካከል ያለው ሰንጠረዥ ከጠፋ ሰውየው መብቱን የሚያስረዳበት መንገድ ይጠፋል። ምስክር ፍለጋ የሰፈር ሽማግሌ ይዞ ይንከራተታል። ሽማግሌው በዚህ ጊዜ ሕያው ሰንጠረዥ ናቸው፤ እርሳቸው ሲያልፉ ግን የሚያገናኝ አይኖርም።

የኮዬ ፈጬም ጉዳይ ከዚህ አይርቅም። በየካቲት 2011 ዓ.ም. መጨረሻ 51,229 የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ ሲወጣ፣ የኮዬ ፈጬ ቤቶች በዕጣው መካተታቸው የአዲስ አበባንና የኦሮሚያን የአስተዳደር ወሰን ጥያቄ አስነሥቶ እንደ ነበር ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። የፖለቲካውን ክርክር ለሌላ መድረክ ልተወው። ለዛሬው ርእሳችን የሚበቃን ይህ ነው፤ በ2015 በተቋቋመው የሸገር ከተማ ሥርም ኮዬ ፈጬ የሚባል ክፍለ ከተማ አለ። ስለዚህ «ኮዬ ፈጬ» የሚለው ስም ብቻውን መለያ አይሆንም። በየትኛው አስተዳደር መዝገብ፣ በየትኛው ዓመት፣ ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። አንድ ኮድ ሁለት ስም ሊኖረው እንደሚችል ሁሉ አንድ ስምም ሁለት ኮድ ሊኖረው ይችላል።

አባቶች እንዴት ለዩት?

መፍትሔውን ከውጭ ከማምጣታችን በፊት በቤታችን ያለውን እንይ። ባሕረ ሐሳብን የተማረ ሰው በየዓመቱ ቁጥርን ወደ ስም ይመልሳል። 2017ን እንውሰድ። 5500 ዓመተ ዓለም ሲጨመርበት 7517 ይሆናል። ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 1 ይተርፋል። 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለ ትርፍ ዮሐንስ፤ ስለዚህ ዘመኑ ዘመነ ማቴዎስ ነው። 7517 እና 1879 ተደምረው 9396 ይሆናሉ፤ ለ7 ሲካፈል 2 ይተርፋል። 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፤ መስከረም 1 ቀን 2017 በእርግጥም ረቡዕ ዋለ።

እንቀጥል። 7517 ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 11 ነው። 11 በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 29 ይሆናል። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል፤ ስለዚህ መስከረም 29፣ ዕለቱም ረቡዕ። አሁን የዕለት ተውሳክ ይፈለጋል፤ ቅዳሜ 8፣ እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2። የረቡዕ 4 ነው። 29 እና 4 ሲደመሩ 33፤ 30 ሲገደፍ መባጃ ሐመር 3። ጾመ ነነዌ የካቲት 3 ትገባለች። ከዚያ በኋላ ያሉትን ለማግኘት የአጽዋማትና የበዓላት ተውሳክ አለ፤ ለዐቢይ ጾም 14፣ ለትንሣኤ 69 ይቈጠራል። ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 12። ሁላችሁም እንደምታስታውሱት በዓሉን ያከበርነው በዚያው ቀን ነው።

ይህን ያነሣሁት ስለ ሒሳቡ ውበት አይደለም። የሥራ ክፍፍሉን እንድታዩልኝ ነው። በዚህ ስሌት ውስጥ «ከሆነ፣ ካልሆነ» የሚባለው እጅግ ጥቂት ነው፤ መጥቅዕ ከ14 በለጠ ወይስ አነሰ፣ ድምሩ ከ30 አለፈ ወይስ አላለፈ። እነዚህ ደንቦች ናቸው። የዕለታትና የበዓላት ተውሳክ ግን ተቈጥሮ፣ ተዘርዝሮ ተቀምጧል፤ ተማሪው በቃሉ ይይዘዋል፣ ወይም በብራናው ላይ ሰንጠረዥ ሠርቶ ያኖረዋል። ያ መዝገብ ነው። አባቶች ደንቡን በደንብነቱ፣ መዝገቡን በመዝገብነቱ ለያይተው ስላቆዩ ስሌቱን የሚያስተምር መምህር ዝርዝሩን ለማስተካከል ስሌቱን መንካት አያስፈልገውም።

ድርብርብ ኢፍ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መዝገብን በደንብ ልብስ ያለብሳል። «8 ከሆነ ሲዳማ» የሚለው የአስተሳሰብ ውጤት አይመስለኝም፤ በአንድ ዘመን፣ በአንድ አዋጅ የተደረገ ስምምነት ነው። ስምምነት ይጻፋል፣ ይቀመጣል፣ ቀን ይደረግበታል፤ በፎርሙላ ሆድ ውስጥ ግን አይደበቅም።

ከቪዚካልክ ወዲህ

በኮምፒውተሩም ዓለም ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970 በአይቢኤም ይሠራ የነበረው ኤድጋር ኮድ መረጃ በሰንጠረዦችና በቁልፎች ተለይቶ እንዲቀመጥ የሚያሳየውን ዝነኛ ጽሑፉን አወጣ። በ1979 ዳን ብሪክሊን እና ቦብ ፍራንክስተን ያወጡት ቪዚካልክ፣ በግል ኮምፒውተር ላይ የተስፋፋው የመጀመሪያው ስፕሬድሺት፣ ከሰንጠረዥ ፈልጎ የሚያመጣ ተግባር ነበረው። ማለትም መዝገብ ፈላጊው ከስፕሬድሺት ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ኤክሴል እስከ 2003 እትሙ ድረስ ኢፍን ከሰባት ደረጃ በላይ መደራረብ አይፈቅድም ነበር፤ ከ2007 ጀምሮ 64 ደረጃ ፈቀደ። ገደቡ መነሣቱ እንደ በረከት ተቈጠረ። እኔ ግን ሰባቱ ገደብ ቢቆይ ኖሮ አሥሩን ኢፍ መጻፍ ስለማልችል አዲስ አበባን አላጠፋም ነበር እላለሁ።

ቪሉክአፕ የተባለው ተግባር ከተደራረበ ኢፍ ያድናል፤ ኮዶቹን በአንድ ዓምድ፣ ስሞቹን በቀጣዩ አስቀምጦ በቁልፉ መፈለግ ነው። አንድ አደጋ ግን አለው። የመጨረሻውን ክፍል ሳትሞሉ ከተዋችሁት «የሚቀርበውን» ፈልጎ ያመጣል። ያን ጊዜ 10 ተጠይቆ በሰንጠረዡ ከ7 ቀጥሎ 12 ብቻ ቢኖር፣ የ7ን ስም ያመጣላችኋል፤ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ። ስለዚህ ሁልጊዜ «ትክክለኛውን ብቻ» ብላችሁ እዘዙት። በ2019 የተዋወቀው ኤክስሉክአፕ ከመነሻው ትክክለኛውን ብቻ ይፈልጋል፤ ባይገኝ ምን እንደሚጻፍም ይጠይቃችኋል። በዚያ ቦታ ላይ «አልተገኘም» ብላችሁ ጻፉ። የአንድም ክልል ስም አትጻፉበት። በምርምር ውስጥ «አላውቅም» የተከበረ መልስ ነው።

ሰንጠረዡ ራሱ ግን ሁለት ዓምድ ብቻ ከሆነ የታሪክ ሰው አልሠራውም ማለት ነው። የእኔ አሁን አምስት ዓምዶች አሉት፤ የመዝገቡ ምንጭ፣ ኮዱ፣ ስሙ፣ የጀመረበት ዓመት፣ ያበቃበት ዓመት። ቁልፉ ምንጩና ኮዱ ተጣምረው ነው። «የ1984 አዋጅ፣ 8» ሲባል ሲዳማ፣ «የ2016 ጥናት፣ 8» ሲባል ጋምቤላ ይመጣል። አዲስ ክልል ሲመሠረት አንድ ረድፍ ይጨመራል። ክልል ሲፈርስ ያበቃበት ዓመት ይሞላል እንጂ ረድፉ አይሰረዝም። ፎርሙላው ግን ያው ነው፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል እንኳ አልለወጥሁበትም።

መዝጊያ

ያቺ ወጣት ተመራማሪ እጇን ባታነሣ ኖሮ ያ ሰንጠረዥ ታትሞ፣ ሌላው ጠቅሶት፣ ከሌላው ሌላው ወስዶት በሄደ ነበር። በጥያቄዋ ውስጥ ስለ ኮምፒውተር አንድም ቃል አልነበረም። የምታውቃትን ከተማ ፈልጋ አጣቻት፤ ያን ብቻ ነው የተናገረችው። ውድ ተማሪዎች፣ ከፎርሙላ ሁሉ በፊት እንድትይዙልኝ የምፈልገው ይህን ልማድ ነው። ውጤታችሁን ስታዩ የምታውቁትን ሰፈር፣ ቀበሌ፣ ሕዝብ ፈልጉት። ካጣችሁት ፎርሙላው ስላልተቃወመ ዝም አትበሉ።

ማታ ወደ ኮዬ ፈጬ ስመለስ በብሎኮቹ ላይ የተጻፉትን ቁጥሮች አያለሁ። አንድ ቀን እነዚህም ይለወጣሉ፤ ጎዳናዎቹ ስም ይወጣላቸዋል፣ ብሎኮቹ ሌላ መለያ ያገኛሉ። ያን ጊዜ አሮጌው ቁጥር ከአዲሱ ስም አጠገብ፣ ከነዓመቱ፣ በአንድ ረድፍ እንዲቀመጥ እመኛለሁ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የአያቱን ሰነድ ይዞ የሚመጣ ልጅ ይኖራልና።